ማስተዋልን ስንለምን የሚበላሹ ነገሮች፦ «ሀቪኔኒ» የምትለዋን ቃል ይዘን

ማስተዋልን ከፈጣሪ ለመለመን ከዕብራይስጡ 119ኛ መዝሙር የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። መዝሙሩ 176 ቁጥር አለው። በ22ቱ የዕብራይስጥ ፊደላት ተከፍሎ እያንዳንዱ ክፍል 8 ቁጥር ይይዛል፤ ስምንቱም በዚያው ፊደል ይጀምራሉ። በአማርኛችን ከየክፍሉ ራስ ላይ «አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል» የሚለው ጽሑፍ ከዚህ የመጣ ነው። በመዝሙሩ ውስጥ «ሀቪኔኒ» የምትል ቃል ስድስት ጊዜ ትመላለሳለች፦ በቁጥር 27፣ 34፣ 73፣ 125፣ 144 እና 169። «አስተዋይ አድርገኝ» ማለት ናት። ግዕዙ «አለብወኒ» ይላታል፤ ከ«ልብ» የወጣች ስለሆነች ልብ ስጠኝ እንደማለት ነው።

መዝሙሩን ይዘው በቅንነት የሚጸልዩ ሰዎች ደጋግመው የሚሳሳቱባቸው ቦታዎች አሉ።

ቁጥሩን ሳያጣሩ መጀመር

በግዕዙ ዳዊት ይህ መዝሙር 118ኛው ነው። ዕብራይስጡ 9ኛና 10ኛ ብሎ የለያቸውን መዝሙራት ሰብዓ ሊቃናት (ጥንታዊው የግሪክ ትርጉም) እና ግዕዙ አንድ አድርገው ስለቆጠሯቸው፣ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ባብዛኛው በአንድ ወደ ኋላ ይቀራል። እስራኤል ያለ ልጅ አያቱ «118ን ድገም» ብለውት የዕብራይስጡን መዝሙረ ዳዊት፣ ተሂሊምን፣ ቢገልጥ፣ የሚያገኘው 29 ቁጥር ያለው ሌላ መዝሙር ነው። ከቁጥሩ ይልቅ «አሌፍ» የሚለውን ርእስ ይፈልጉ።

ማስተዋልን ብዙ ከማወቅ ጋር ማምታታት

«ሀቪኔኒ» እና «ቢና» (ማስተዋል) የወጡበት ሥር «ቤይን»፣ ማለትም «መካከል» ከሚለው ቃል ጋር ይዛመዳል። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም፤ ዳኛው «ብይን ሰጠ» ስንል ያው ሥር ነው። ነገሩ ተደባልቆ የመጣን መለየት ነው። ሰሎሞን በገባዖን በሕልሙ የለመነው (1ኛ ነገሥት 3፥9፣ በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር 3ኛ ነገሥት) በዕብራይስጡ «ሌቭ ሾሜዓ»፣ ቃል በቃል «የሚሰማ ልብ» ነው። የለመነበትንም ምክንያት ጨምሮ ተናግሯል፦ በመልካምና በክፉ መካከል ለመለየት። ልመናው እንደተሰማ ወዲያው የመጣለት ነገር ደግሞ በአንድ ሕፃን የሚከራከሩ የሁለት ሴቶች ክስ ነበር።

ስለዚህ «ጥበብህን ግለጥልኝ» እያሉ በጅምላ ከመለመን፣ የተደባለቁብዎትን ሁለት ነገሮች በስማቸው ይጥሩ። «ይህ ዝምታዬ ትዕግሥት ነው ወይስ ፍርሃት?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱ ሲመጣ ያውቀዋል። በጅምላ የለመነ ሰው ግን መልስ ቢመጣለትም አይለየውም።

ልመናዋን ከጅራቷ መቁረጥ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «አስተዋይ አድርገኝ» ብሎ አሜን ይላል። መዝሙሩ ግን ቃሏን ብቻዋን አይተዋትም። ስድስቱን ቁጥሮች በተራ እንያቸው። በ27 «የትእዛዝህን መንገድ አስተውለኝ» ካለ በኋላ ተአምራትህን አሰላስላለሁ ይላል። በ34 ሕግህን እጠብቃለሁ፣ በልቤም ሁሉ አደርገዋለሁ ይላል። በ73 እጆችህ ሠሩኝ ብሎ ይጀምርና በግዕዙ «አለብወኒ ወእትመሀር ትእዛዘከ» ይላል፦ አስተዋይ አድርገኝ፣ ትእዛዝህንም እማራለሁ። በ125 ባሪያህ ነኝ፤ ምስክርህን አውቅ ዘንድ። በ144 ደግሞ ከሁሉ ያጠረችው አለች፦ አስተዋይ አድርገኝ፣ በሕይወትም እኖራለሁ።

አምስቱም ከልመናው ቀጥሎ የለማኙን ድርሻ ይናገራሉ፤ ማሰላሰል፣ መጠበቅ፣ መማር፣ ማወቅ፣ መኖር። በ169 ብቻ ጅራቱ የለም፤ «እንደ ቃልህ አስተዋይ አድርገኝ» ብሎ ያቆማል። እዚያ የደረሰው ግን አምስት ጊዜ ቃል ከገባ በኋላ ነው።

በደብተር መያዝ ይረዳል። ገጹን ለሁለት ይክፈሉ፤ በግራ ልመናውን፣ በቀኝ ዛሬ ከመምሸቱ በፊት የሚደረገውን አንድ ነገር ይጻፉ። በቀኝ በኩል የሚጻፍ ከጠፋ ልመናው ገና አልበሰለም ማለት ነው፤ ይቆይ፣ ያንኑ ቁጥር በማግስቱ ይድገሙት። «የበለጠ እጸልያለሁ» ብሎ በቀኝ በኩል መጻፍ አይቆጠርም።

አይሁድ በሥራ ቀን ቆመው በሚያደርሱት የ19 በረከት ጸሎት፣ በዓሚዳ፣ የልመናው ክፍል የሚከፈተው በአራተኛው በረከት፣ እውቀትና ማስተዋልን በመለመን ነው። አምስተኛው ስለ ንስሐ፣ ስድስተኛው ስለ ይቅርታ ነው። ማስተዋሉ ቀድሞ የመጣበት ምክንያት ከቅደም ተከተሉ ይታያል፤ ያላስተዋለ ሰው ከምን እንደሚመለስ አያውቅም።

ጎረቤት ቁጥሮችን መዝለል

«ሄ» የሚለውን ክፍል፣ ከ33 እስከ 40፣ ቀረብ ብለን እንመልከተው። በዕብራይስጥ «ሄ» የግሥ መነሻ ሆና ስትገባ የእኛን «አ» ወይም «አስ» የምትመስል ሥራ አላት፤ አንድን ነገር ማስደረግ። መዝሙረኛው ስምንት ቁጥር በዚህች ፊደል መጀመር ስላለበት ሰባቱን በልመና ግሥ ከፈታቸው፦ ሆሬኒ (አሳየኝ)፣ ሀቪኔኒ (አስተዋይ አድርገኝ)፣ ሀድሪኼኒ (ምራኝ)፣ ሀጥ (አዘንብል)፣ ሀዓቬር (መልስ)፣ ሀቄም (አጽና)፣ እንደገና ሀዓቬር (አርቅ)። ስምንተኛው «ሂኔ»፣ እነሆ፣ ነው።

ታዲያ «አዘንብል» የሚለው ምንን ነው? ልቤን ወደ ምስክርህ እንጂ ወደ ጥቅም አታዘንብል። «መልስ» የሚለውስ? ዓይኖቼን ከንቱ ነገር ከማየት። ማለትም ማስተዋልን በ34 የለመነ ሰው፣ ሁለት ቁጥር ሳይርቅ ስለ ገንዘብ ፍቅሩ፣ ቀጥሎም ዓይኑ ስለሚያርፍበት ይጸልያል። ቁጥር 34ን ብቻ ቆርጦ ግድግዳ ላይ የለጠፈ ሰው መድኃኒቱን ወስዶ አወሳሰዱን የጣለ ይመስላል። (ቁጥር 37 ስልክ በእጅ ይዞ ለሚጸልይ ሰው የተጻፈ ነው የሚያስብልበት ጊዜ አለ።)

በዓይን ብቻ ማንበብ፣ ወይም በአንድ ትንፋሽ መጨረስ

በመዝሙር 1፥2 ጻድቁ ሕጉን ቀንና ሌሊት የሚያደርገው ነገር በዕብራይስጥ «ሀጋ» ነው። ይኸው ግሥ በኢሳይያስ 31፥4 ለአንበሳ ማጉረምረም፣ በ38፥14 ለርግብ ድምፅ ገብቷል። «ያስባል» ብቻ ሲባል ድምፁ ይጠፋል፤ ግዕዙ «ወዘሕጎ ያነብብ» ብሎ ጠብቆታል። በከንፈር መድገም ያስፈልጋል። ጎረቤት እስኪሰማ ሳይሆን የራስ ጆሮ እስኪሰማ።

ዳዊትን በሳምንት በሚያደርሱ ሰዎች ልማድ ዓርብ ከ111 እስከ 130 ስለሚደገም ይህ ረጅም መዝሙር ከዚያ ቀን ድርሻ ውስጥ ይገባል። ያ ሥርዓት የራሱ ዓላማ አለው፣ አይነካም። ማስተዋልን ለመለመን ግን ሌላ ፍጥነት ይያዙ፦ በቀን አንድ ፊደል፣ ስምንት ቁጥር፣ ለ22 ቀን። መጀመሪያ ስምንቱን በድምፅ ያንብቡ። ቀጥሎ እንደገና አንብበው የልመና ግሥ ያለበትን ቁጥር ያስምሩ። ከዚያ ያን አንድ ቁጥር ብቻ ደግመው ደጋግመው ይበሉ፣ በመጨረሻ በራስዎ ቃል ይጸልዩ። ጠቅላላው ከ15 ደቂቃ አይበልጥም። ልመና የሌለባቸው ክፍሎች ያጋጥማሉ፤ ለምሳሌ «ሜም» (97–104) አንድም ልመና የለበትም። በዚያ ቀን መለመን ቀርቶ ማመስገን ብቻ ይሁን።

ጸሎትን የጥናት ምትክ ማድረግ

ምሳሌ 3፥5 «በራስህ ማስተዋል አትደገፍ» ስለሚል መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልግም የሚሉ አሉ። ከዚያ በፊት ባለው ምዕራፍ፣ 2፥3–4፣ ማስተዋልን ጥራት ይልና ወዲያው እንደ ብር ፈልጋት፣ እንደ ተቀበረ ገንዘብ ቆፍራት ይላል። ጥሪና ቁፋሮ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ናቸው።

ዳንኤል 9 የሥራውን ቅደም ተከተል ያሳያል። በቁጥር 2 ከኤርምያስ መጽሐፍ የሰባውን ዓመት ቁጥር «አስተዋልሁ» ይላል፤ ግሡ ያው የ«ሀቪኔኒ» ሥር ነው። ጾሙ፣ ማቁና አመዱ የመጡት ከንባቡ በኋላ ነው። ከ4 እስከ 19 ያለው ጸሎቱ ደግሞ በኑዛዜ የተሞላ ነው፤ «አስተዋይ አድርገኝ» የሚል ልመና አንድም ቦታ የለበትም። ገብርኤል ግን በ22 ማስተዋልን ልሰጥህ መጣሁ አለው።

ለብቻ ማንበብም ሁልጊዜ አይበቃም። በነህምያ 8 ዕዝራ በሰባተኛው ወር መጀመሪያ ቀን፣ በውኃው በር ፊት ካለው አደባባይ፣ ከማለዳ እስከ ቀትር ሲያነብ ሌዋውያኑ በሕዝቡ መካከል ሆነው ያስረዱ ነበር። ቤተ እስራኤል በዕብራውያን አቆጣጠር በሔሽዋን ወር 29ኛ ቀን በሚያከብሩት የሲግድ በዓል ቄሶቹ ኦሪቱን በግዕዝ አንብበው በሕዝቡ ቋንቋ የሚያስረዱት ያንኑ መንገድ ተከትለው ነው። ሦስት ቀን የጸለዩበት ቁጥር አሁንም ካልተፈታ፣ አራተኛውን ቀን የሚያውቅ ሰው ቤት ሄደው ይጠይቁ።

ቁጥር 99ን ይዞ መምህርን መናቅ

«ከመምህሮቼ ሁሉ አስተዋልሁ»። የአማርኛው «ከ» እንደ ዕብራይስጡ «ሚ» ሁለት ፊት አለው፤ ከእነሱ በለጥሁ ወይም ከእነሱ ተማርሁ። ጎረቤት ቁጥሮቹ፣ 98 ስለ ጠላቶች፣ 100 ስለ ሽማግሌዎች፣ ወደ «በለጥሁ» ያደላሉ፤ የሰብዓ ሊቃናትም አተረጓጎም ይኸው ነው። በሚሽና (የጥንት አይሁድ መምህራን ትምህርት በተሰበሰበበት መጽሐፍ)፣ አቮት 4፥1፣ ቤን ዞማ የተባለው መምህር «ጥበበኛ ማን ነው? ከሰው ሁሉ የሚማር» ብሎ ማስረጃ የጠራው ግን ይህንኑ ቁጥር ነው። ማስተዋልን የሚለምን ሰው በዚህ ቁጥር በቤን ዞማ አነባበብ ቢጸልይ አይጎዳም።

በጆሮ በተያዘ ዕብራይስጥ ትርጉም መገንባት

ቋንቋዎቹ ዘመዳሞች ስለሆኑ አማርኛ ተናጋሪ ይጠቀማል፣ ይታለላልም። ቁጥር 12 ላይ «ላምዴኒ ሑቄኻ» የሚሉ ሁለት ቃላት አሉ። የመጀመሪያው «ለመደ» ከምንለው ጋር አንድ ነው፤ «አስተምረኝ» ውስጥ «አልምደኝ» መኖሩን መስማት ያተርፋል። ሁለተኛውን ግን «ሐቅ» ብሎ «እውነትህን» ማለት ስህተት ነው፤ «ሖቅ» እዚህ የተደነገገ ሥርዓት ነው፣ ከመቅረጽ የመጣ። ሌላው ወጥመድ «ዋው» ነው። ከ41 እስከ 48 ስምንቱም ቁጥሮች በ«እና» ይጀምራሉ። በዕብራይስጥ በ«ዋው» የሚጀምር ቃል እጅግ ጥቂት ስለሆነ መዝሙረኛው ሌላ ምርጫ አልነበረውም። እዚያ «እና» ላይ ስብከት የሚገነቡ ሰዎች ያሳዝናሉ።

ስውር ነገር ማደን

የፊደላቱን ስም ክታብ ላይ መጻፍ፣ መጽሐፉን ዓይን ጨፍኖ ገልጦ የወጣውን እንደ ዕጣ መውሰድ፣ ለትምህርት ይገልጣል ተብሎ አብሾ እስከመጠጣት መድረስ፤ እነዚህ የጸሎቱ ወገን አይደሉም። አብሾ ደግሞ ከነፍስ አልፎ ጤናም ያናጋል። ቁጥር 18 «ጋል ዔናይ»፣ «ዓይኖቼን ግለጥ» ይላል፤ የሚገለጠው የሰውዬው ዓይን ነው፣ መጽሐፉ ተገልጦ ተቀምጧል። በዘኍልቍ 22፥31 የበለዓምን ዓይን የገለጠው ግሥ ይኸው ነው። መልአኩ ሰይፉን መዝዞ ቀድሞም መንገዱ ላይ ቆሞ ነበር፤ አህያዋም ሦስት ጊዜ አይታዋለች።

22ኛውን ቀን እንደ ቀጠሮ መቁጠር

ዳንኤል በምዕራፍ 10 ሦስት ሳምንት ሙሉ ጾመ፤ የተነገረው ግን ቃሉ የተሰማው ልቡን ለማስተዋል ካዘጋጀበት ከፊተኛው ቀን ጀምሮ መሆኑ ነው። ቀን መቁጠሪያው ለእርስዎ ሥርዓት መያዣ ነው። «ታው» ላይ ሲደርሱ የሚያገኙት የመጨረሻ ቁጥር፣ 176ኛው፣ «እንደ ጠፋ በግ ተቅበዘበዝሁ፤ ባሪያህን ፈልገው» ይላል። ስድስት ጊዜ ማስተዋልን የለመነው፣ ከመምህሮቹ በለጥሁ እስከማለት የደረሰው ሰው ነው እንዲህ ብሎ የሚዘጋው። በማግስቱ ከአሌፍ ይጀምሩ።