የመኪና በር ፓኔልና ዓርማ በቤት አወላለቅ፦ ክሊፕ ሳይሰበር፣ ቀለም ሳይላጥ

የበር መስታወት ማውጫ ሲበላሽ፣ ስፒከር ሲቀየር ወይም መኪናው ለቀለም ሲዘጋጅ መጀመሪያ የሚወልቀው የበሩ የውስጥ ፓኔል ነው። ጥፋቱም አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ ይጀምራል፤ ክሊፕ ይሰበራል፣ ሽቦ ይበጠሳል፣ ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ከፓኔሉ ኋላ ያለው ላስቲክ ተቀዶ ይጣልና ክረምት ሲገባ ወለሉ ውሃ ይቋጥራል። ሥራው ግን ታግሦ ለያዘው ሰው ግቢ ውስጥ የሚያልቅ ነው። እዚህ የተጻፈው ከባሕር ዳር እስከ ደጀን በየከተማው ለምናያቸው ቪትዝ፣ ኮሮላና መሰል ቶዮታዎች ነው። በሌሎች መኪኖች የብሎኖቹ ቦታ ይለያይ እንጂ አያያዙ ተቀራራቢ ነው።

መሣሪያና ሰዓት

ዋናው መሣሪያ መፈልቀቂያ ነው። የፕላስቲክ መፈልቀቂያ መለዋወጫ ቤት ከተገኘ ጥሩ፤ ከታጣ ከቀርከሃ ሥሩት። በእንጅባራና በአካባቢው ገበያ ላይ ቀርከሃ አይጠፋም፤ ለዚህ ሥራም ከብረት ይሻላል። ጠንካራ ነው፣ ትንሽ ይለምጣል፣ ላሜራ ላይ ቢንሸራተት እንኳ ቀለም አይፈነቅልም። በደንብ የደረቀውን መርጣችሁ 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁረጡ። አንዱን ጫፍ 2 ሚሊ ሜትር ያህል እስኪሳሳ ጥረቡት፤ ከዚያ ማዕዘኖቹን አጠጋግታችሁ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ሁለት ሥሩ፤ አንዱ የከፈተውን ክፍተት ሌላው ይዞ ያቆያል። እርጥቡ ቀርከሃ ይታጠፋል እንጂ አይፈለቅቅም።

ከዚህ ሌላ ባለ መስቀል ካቻቪቴ፣ ትንሽ ጠፍጣፋ ካቻቪቴ፣ 10 ቁጥር ቁልፍ፣ ፒንሳ፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ንጹሕ ጨርቅና ለብሎን ማስቀመጫ የሚሆን ጎድጓዳ ሳህን ይበቃል። ጠፍጣፋውን ካቻቪቴ ጫፉን በፕላስተር ጠቅልሉት።

ሰዓቱን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። ደብረ ማርቆስም ሆነ እንጅባራ ጠዋት ብርዱ ሳይለቅ የፕላስቲክ ክሊፕ ይደርቃል፤ ያኔ ሲጎተት ከመውጣት ይልቅ አንገቱ ላይ ይቀነጠሳል። መኪናውን ፀሐይ ላይ አቁሙትና ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ጀምሩ። ያው ክሊፕ ሲሞቅ ታጥፎ ይወጣል።

ከመንካታችሁ በፊት

መስታወቱን እስከ ላይ ዝጉ፤ ቁልፉን ኪሳችሁ አድርጉ። ቀጥሎ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፈትታችሁ ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠብቁ። ምክንያቱ ኤርባግ ነው፤ ባትሪው ቢፈታም በውስጡ የተጠራቀመ ኃይል ለጥቂት ጊዜ ይቆያል። ቢጫ ሶኬት ወይም ቢጫ የሽቦ ልባስ ያያችሁበት ቦታ ሁሉ የኤርባግ መሥመር ስለሆነ አትንኩት፣ በቴስተርም አትለኩት። በበሮቹ መካከል ያለው ቋሚ ሽፋን ወይም የጣሪያው ጠርዝ ላይ የኤርባግ ጽሑፍ ካለ ያንን ክፍል ለባለሙያ ተዉት። የመግቢያው ደፍ ላይ ያለው ሽፋን ግን አያስቸግርም፤ ከአንድ ጫፍ በቀጥታ ወደ ላይ ሲነሣ ይለቃል።

ብሎኖቹን ማግኘት

ፓኔሉ አልወጣ ካለ አንድ ያልተፈታ ብሎን አለ ማለት ነው። ጉልበት ከመጨመር ይልቅ ፈልጉት። ሦስት ቦታ ይደበቃሉ፦ ከውስጥ በር መክፈቻው ኋላ በትንሽ የፕላስቲክ ክዳን ሥር፣ በሩን ስቦ መዝጊያው እጀታ ጉድጓድ ውስጥ፣ እና በክንድ ማሳረፊያው ሥር። ክዳኑን በትንሹ ካቻቪቴ ከጠርዙ ነካ አድርጉት፤ ብዙዎቹ በአንድ ወገን ብቻ ስለተያዙ በሁለቱም በኩል ከተፈለቀቁ ጆሯቸው ይሰበራል። የመስታወት ማብሪያው ሰሌዳ በክሊፕ ብቻ የተያዘ ከሆነ ከአንዱ ጫፍ በቀርከሃው ከፍ ታደርጉታላችሁ። ከውጭ መስተዋቱ በስተጀርባ ያለው ሦስት ማዕዘን ሽፋንም ቀድሞ ይውጣ።

መስታወቱ በእጅ የሚዞር ከሆነ ማዞሪያውን የያዘው ከኋላው የገባ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው የሽቦ ስፕሪንግ ነው። ጨርቅ በማዞሪያውና በፓኔሉ መካከል አስገብታችሁ ግራና ቀኝ እንደ መጋዝ ሳቡት፤ ጨርቁ የስፕሪንጉን ጫፍ ይዞ ያወጣዋል። ስፕሪንጉ ዘሎ ስለሚጠፋ ሌላውን እጃችሁን ከላይ ጋርዱ። ሳትፈቱት በፊት ማዞሪያው ወዴት እንደሚያይ በስልክ ፎቶ አንሡ፤ በሌላ አቅጣጫ ከተገጠመ ጉልበት ይመታል።

ክሊፖቹን ማስለቀቅ

አንድ በር ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 10 ክሊፕ በዙሪያው ይኖራል። ከታችኛው ማዕዘን ጀምሩ። ቀርከሃውን በፓኔሉና በላሜራው መካከል አስገቡና ጠርዙን ተከትላችሁ በዝግታ ግፉ፤ የሚያስቆማችሁ ነገር ክሊፕ ነው። መፈልቀቅ ያለበት በትክክል ከክሊፑ አጠገብ ነው። ከክሊፑ ርቃችሁ ከሳባችሁ ኃይሉ ሁሉ ክሊፑን በያዘው የፓኔሉ ቤት ላይ ያርፋል፤ በቆዩ መኪኖች ይህ ቤት ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ ስለሆነ፣ በተለይ ውሃ ጠጥቶ ካበጠ፣ ቁራሹ ይነሣል። ትክክለኛው ድምፅ አጭርና ደረቅ “ጠቅ” ነው። ረጅም መንጫጫት ከሰማችሁ አቁሙ።

የታችኛውና የሁለቱ ጎኖች ክሊፖች ከለቀቁ በኋላ ፓኔሉን ወደ ራሳችሁ አትሳቡት። የላይኛው ጠርዙ መስታወቱ በሚገባበት መሥመር ላይ ተንጠልጥሎ የተያዘ ነውና ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አንሡት። አሁንም በሽቦና በገመድ ተይዟል፤ አደራ፣ እንዲንጠለጠል አትተዉት። ጉልበታችሁ ላይ አስደግፉትና ሶኬቶቹን ምላሳቸውን በአውራ ጣት ተጭናችሁ አላቅቁ፤ ሽቦውን ይዞ መሳብ ፒኑን ከውስጥ ይነቅላል። የበር መክፈቻው ገመድ በፕላስቲክ መያዣ የታሰረ ነው፤ መያዣውን ከፍታችሁ የገመዱን ጫፍ 90 ዲግሪ ስታዞሩት ከቀዳዳው ይወጣል።

ላሜራው ላይ የቀረ ክሊፕ ካለ በጨርቅ በተሸፈነ ፒንሳ አውጡና ወደ ፓኔሉ ቤት መልሱት። ላሜራው ላይ እንዳለ ፓኔሉን ለመግጠም መሞከር የቤቱን ከንፈር ይሰብራል። ክሊፕ የምትገዙት ደግሞ ናሙና ይዛችሁ ሄዳችሁ ነው፤ በግንዱ ውፍረት የ1 ሚሊ ሜትር ልዩነት ያለው ክሊፕ ወይ ይንኳኳል ወይ አይገባም። የተገነጠለውን የክሊፕ ቤት በኮምፔርሳቶ ቁራጭ ደግፋችሁ በኢፖክሲ ማጣበቅ ይቻላል። የጀሪካን ፕላስቲክ ለዚህ አይሆንም፤ ማጣበቂያ አይቀበልም።

ከፓኔሉ ኋላ ያለው ላስቲክ

ብዙ ሰው የማሸጊያ ትርፍ መስሎት ቀዶ የሚጥለው ይህ ላስቲክ የበሩ የውሃ መከላከያ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ውሃ በመስታወቱ ጎማ በኩል ወደ በሩ ውስጥ ሁልጊዜ ይገባል፤ በሩ የተሠራውም ይህን ታስቦ ነው። የገባው ውሃ በላስቲኩ ኋላ ወርዶ ከበሩ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች ይፈስሳል። ላስቲኩ ከተቀደደ ግን ውሃው ወደ ፓኔሉ ይዞርና ምንጣፉ ሥር ይጠራቀማል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ መኪናው ውስጥ የሚሸተው ሻጋታ፣ በጥቅምት የሚታየው የወለል ዝገት አንዱ ምንጭ ይህ ነው። በበጋ ደግሞ የጠጠር መንገዱ አቧራ በዚያው ይገባል።

ላስቲኩን የያዘው ማስቲካ የመሰለ ጥቁር ማጣበቂያ ነው። በጣት አትጎትቱት። ማጣበቂያውን በፀጉር ፎን ትንሽ አሙቁትና በቢላዋ ከላሜራው ጋር አስተካክላችሁ እየቆረጣችሁ ላስቲኩን ግለጡ፤ ግማሹ ማጣበቂያ ላስቲኩ ላይ፣ ግማሹ ላሜራው ላይ ይቅር። ለሥራችሁ የሚበቃውን ማዕዘን ብቻ ክፈቱ። እጃችሁም ሆነ አቧራ ማጣበቂያውን አይንካው፤ ስትመልሱት በመዳፍ ተጭናችሁ ስትሄዱበት ራሱ ይይዛል። የደረቀ ከሆነ እንደገና አሙቁት። የመሙያ ማሸጊያ ከጨመራችሁ ኮምጣጤ የሚሸተውን ሲሊኮን ተዉት፤ እሱ ላሜራ ያዝጋል። ላስቲኩ ከነጭራሹ ከጠፋ ወፍራም የቤት ላስቲክ በፓኔሉ ልክ ቁረጡለት፤ የታችኛው ጫፉ ግን እንደ ቀድሞው በላሜራው ክፍተት ወደ በሩ ውስጥ መግባት አለበት። ወደ ውጭ ከቀረ ውሃውን ወደ ምንጣፉ ይመራዋል። በዚያው አጋጣሚ ከበሩ ሥር ያሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ ጥረጉ፤ ጭቃ ይዘጋቸዋል።

ፓኔሉን ከመግጠማችሁ በፊት ሶኬቶቹን ሰክታችሁ፣ ባትሪውን አያይዛችሁ መስታወቱንና መቆለፊያውን ሞክሩ። ከዚያ የላይኛውን ጠርዝ ቀድማችሁ አንጠልጥሉ፣ እያንዳንዱ ክሊፕ ከቀዳዳው ፊት መሆኑን ተመልከቱና በመዳፍ ምቱት። የሾፌሩ መስታወት በአንድ ንኪ መውጣት ካቆመ እስከ ላይ ዝጉትና ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ወደ ላይ እንደያዛችሁ ቆዩ፤ ይመለሳል።

ዓርማና የስም ጽሑፍ

እዚህ ጉዳዩ የቀለም ነው። የፋብሪካ ቀለም ዓርማ ሲነሣለት ምንም አይሆንም፤ ተመትቶ በስቱኮ የተሞላና እንደገና የተቀባ ላሜራ ግን ከዓርማው ጋር ቀለሙን ሊሰጥ ይችላል። ማግኔት በቀጭን ጨርቅ ጠቅልላችሁ በዓርማው ዙሪያ አስጠጉ። አንድ ቦታ ጥሩ ይዞ ሌላው ላይ ከደከመ ወይም ከወደቀ ሥሩ ስቱኮ አለ። እንዲህ ያለው መኪና ለቀለም የሚገባ ካልሆነ ዓርማውን ባትነኩት እንመክራለን።

ቀጥሎ ዙሪያውን በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡ። የቀረ የአሸዋ ፍሬ ኋላ ዓርማውን በምታስለቅቁበት ክር ሥር ገብቶ ቀለም ይቧጭራል። ዓርማው የሚመለስ ከሆነ በላይና በጎን የወረቀት ፕላስተር ለጥፋችሁ ቦታውን በእርሳስ አስምሩ።

ሙቀቱን በፎን ስጡት፦ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ ሳይቆም እየተንቀሳቀሰ፣ ለ2 ወይም ለ3 ደቂቃ። ላሜራው እጅ ሲነካው የሚያቃጥል ሳይሆን ለጥቂት ሰከንድ የሚያስችል መሆን አለበት። መብራት ከሌለ በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ ደጋግሞ ማስቀመጥ ያንኑ ያደርጋል። የእሳት ነበልባልና የቀለም ቤት ሙቀት ሰጪ አትጠቀሙ፤ ቀለም ያፈላሉ።

ዓርማውን ከላሜራው ጋር ያጣበቀውን ፎም የሚቆርጠው ክር ነው። ባሕር ዳር የዓሣ መረብ የሚሠራበት ጠንካራ ናይለን ክር እጅግ ይስማማል፤ የጥርስ ክርም ይሆናል። 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጣችሁ ጫፎቹን በሁለት እንጨት ላይ ጠምጥሙ፣ ጣት እንዳይቆርጥ። ከዓርማው ላይኛ ጠርዝ ኋላ አስገብታችሁ ግራና ቀኝ ሳቡ፤ ክሩ ፎሙን መቁረጥ እንጂ ላሜራውን መፋቅ የለበትም፣ ስለዚህ ወደ ዓርማው ጠጋ አድርጋችሁ ያዙት። ሲከብድ እንደገና አሙቁ። ክሩ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነ ዓርማው በላሜራው ቀዳዳ የገባ ፒን አለው። ያኔ ዙሪያውን ቆርጣችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ውጭ አውጡት፤ በጎን ከተጣመመ ፒኑ ይሰበራል ወይም ቀዳዳው ይቧጨራል። የኋላ ክዳኑን ከፍቶ ከውስጥ ማየት አንዳንዴ ቀድሞ ይነግራችኋል። ዓርማው የማይመለስ ከሆነ ቀዳዳው ባዶ አይቅር፤ ውሃ ይገባል፣ ይዝጋል።

ላሜራው ላይ የቀረውን ፎም በአውራ ጣት እያሻችሁ አንከባልሉት፤ ብዙው እንዲሁ ይለቃል። የቀረውን በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ ለ5 ደቂቃ ሸፍኑና ጥረጉ፤ ከዚያ በሳሙና እጠቡ። ቲነር በፍጹም አይሆንም፤ ማጣበቂያውን ሲያነሣ ቀለሙንም ያለሰልሳል። ብረት መፋቂያም እንዲሁ። ከዓርማው ሥር የነበረው ቀለም ፀሐይ ስላላየው ጠቆር ብሎ ይታያል፤ በፖሊሽ ይቀንሳል፣ በጣም በቆየ መኪና ላይ ግን ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

በበሩ መካከል ያለውን የውጭ የጎን ጌጥም በዚሁ መንገድ አንሡት። ርዝመቱ ስለሚያስቸግር ከአንድ ጫፍ 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ እያሞቃችሁ ቀጥሉ፤ አጥፋችሁ ከሳባችሁት እንደገና ቀጥ አይልም። የፊት ግሪል ላይ ያለው ዓርማ ግን በክሊፕ ነው የተያዘው፤ ኮፈኑን ከፍታችሁ ከኋላ ምላሶቹን ጫኑ። በሩ ቋሚ ላይ የተለጠፈውን የሻሲ ቁጥር የያዘ ሰሌዳ ወይም ወረቀት አትንኩት፤ የመኪናው መታወቂያ ነው።

ለመመለስ የዓርማውን አሮጌ ፎም አንሥታችሁ ባለ ሁለት ገጽ የመኪና ፎም ፕላስተር ልክ ቁረጡለት። ሁለቱንም ወገን በአልኮል ጥረጉና አድርቁ። ከ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች በቀዘቀዘ ላሜራ ላይ አይዝም፤ በደጋው ከተማ እኩለ ቀን ላይ ለጥፉት። ባሰመራችሁት ላይ አስቀምጣችሁ እያንዳንዱን ፊደል 30 ሰከንድ ተጫኑ። ማጣበቂያው ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው በ72 ሰዓት ውስጥ ስለሆነ ቢያንስ የመጀመሪያውን 24 ሰዓት መኪናው እጥበት እንዳይገባ።