ከሰዓት በኋላ አፉ የሚጣመመው አቫታር

ሁለት ሳምንት ያንገላታኝ ችግር ተፈታ። ሐዋሳ፣ መስኮቷ ወደ ሐይቁ በሚያይ ክፍል ነው የምኖረው። የቪአር (የምናባዊ ዓለም) መነጽሬን አድርጌ ሳወራ አቫታሬ፣ ማለትም የፊቴን እንቅስቃሴ የሚኮርጀው ዲጂታል ምስሌ፣ ማታ ማታ ልክ እንደኔ ይስቃል። ከሰዓት ግን ግራ ጉንጩ ይደነዝዛል፣ አፉ ይጣመማል። አዳማ ያለችው እህቴ ደንግጣ "ወንድምዬ፣ ጥርስህን አመመህ እንዴ?" አለችኝ። ሶፍትዌሩን ደግሜ ጫንኩ። ምንም ለውጥ የለም።

ፍንጩ ሰዓቱ ነበር። መነጽሩ ውስጥ ያሉት ካሜራዎች ፊታችንን የሚያዩት በኢንፍራሬድ፣ ዓይናችን በማያየው ብርሃን ነው። ትንንሽ የኤልኢዲ መብራቶች ቆዳውን ያበሩታል፣ ካሜራው የሚመለሰውን ያነባል። የፀሐይ ጨረር ደግሞ ግማሽ ያህሉ ኢንፍራሬድ ነው። ሐይቁ በምዕራብ ስለሆነ ከሰዓት ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ በመነጽሩና በፊቴ መካከል ባለው ክፍተት ትሾልካለች፤ የግራው ካሜራ ይጥበረበራል።

ክፍተቱን በጥቁር ጨርቅ ደፈንኩት። ባሰበት! የካሜራውን ምስል ከፍቼ ሳይ ጨርቁ እንደ ነጠላ ነጥቶ ታየኝ። ለካ ለዓይን የጠቆረ ጨርቅ ሁሉ ለኢንፍራሬድ ጥቁር አይደለም። ብዙው ብርሃኑን መልሶ ይረጨዋል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው።

መፍትሔው ሰፈራችን ካለው ብስክሌት ጠጋኝ ተገኘ፦ የአሮጌ ጎማ የውስጥ ላስቲክ። ላስቲኩን የሚያጠቁረው የካርቦን ጥላሸት ኢንፍራሬዱንም ይውጠዋል። በቀጭኑ ቆርጬ፣ በአልኮል ጠርጌ፣ ቆዳዬን እንዳይነካ በጠርዙ ውጭ በኩል አጣበቅኩት። ወንበሬንም ከመስኮቱ አዞርኩ። በነገራችን ላይ፣ መነጽሩን ሌንሱ ወደ ፀሐይ ዞሮ አትተዉት፤ ሌንሱ ጨረሩን ሰብስቦ ስክሪኑን ያቃጥለዋል።

ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለእህቴ ደወልኩ። ስስቅ ሁለቱም ጉንጮቼ ተነሡ።