ያገለገለ ኳድ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትገዙ ምኑን ታያላችሁ?

ቅዳሜና እሁድ ጭቃና ኮረኮንች ላይ ለመንዳት የግድ አዲስ ኳድ አያስፈልግም። በደንብ የተያዘ አሮጌ ባለ አራት ጎማ ሞተር ብዙ ዓመት ያገለግላል። ችግሩ ታጥቦ፣ ፕላስቲኩ ተወልውሎ ሲቆም ሁሉም ያምራል። ስለዚህ ከሞዴሉ ይልቅ ባለቤቱ እንዴት እንደያዘው ማወቅ ይበልጣል፤ እሱ ደግሞ የት እንደሚታይ ለሚያውቅ ሰው አይደበቅም።

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሲሲ ነው?» ብሎ ነው፤ የሞተሩን መጠን ማለቱ ነው። ለጀማሪ አዋቂ ከ250 እስከ 450 ሲሲ ይበቃል። 700 እና ከዚያ በላይ የሆኑት ብዙዎቹ ከ300 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ፤ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ቢገለበጥ ያ ሁሉ ክብደት የሚያርፈው እናንተ ላይ ነው። ስፖርት የሚባለው ዓይነት ቀላልና ፈጣን ነው፣ በአብዛኛው የሚገፋው በኋላ ጎማ ብቻ ነው። ዩቲሊቲ የሚባለው ዕቃ መጫኛ አለው፣ ረጋ ያለ ነው፣ ብዙ ጊዜም በአራቱም ጎማ ይጎትታል። ተዝናንቶ ለመንዳት እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ሆንዳ ራንቸር፣ ያማሃ ኮዲያክ፣ ሱዙኪ ኪንግ ኳድ፣ ሲሲያቸው ከላይ ካልኩት ካላለፈ፣ ለጀማሪ የሚመቹ ናቸው። ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት ርካሽ ኳድ ከገጠማችሁ ግን ዋጋውን ከመከራከራችሁ በፊት የፍሬን ሸራና የአየር ፊልትሮ የት እንደሚገኝለት አጣሩ።

ሻጩን ስትቀጥሩት አንድ ነገር አደራ በሉት፦ እኛ ሳንደርስ ሞተሩን እንዳታስነሳው። ስትደርሱ ሰላም ብላችሁት ወዲያው እጃችሁን ሞተሩ ላይ አሳርፉ። ሞቆ ከጠበቃችሁ ለምን ብላችሁ ጠይቁ፣ ምክንያቱም የሞቀ ሞተር ጉዱን ይሸሽጋል፤ አልነሳም ማለቱም፣ ጭሱም፣ ኳኳታውም ጎልቶ የሚታየው በቀዝቃዛው ነው።

ከመነሳቱ በፊት ግን ወንበሩን አንሱ። ብዙ ገዢ የሚዘለው፣ እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው ቦታ እዚህ ነው። በብዙዎቹ ላይ የአየር ፊልትሮው ሳጥን ከወንበሩ ሥር ነው። ክዳኑን ክፈቱ፣ ስፖንጁን አውጡ፣ ከዚያ ከስፖንጁ ጀርባ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ቱቦ ውስጡን በጣታችሁ ጥረጉት። ጣታችሁ ንጹህ ሆኖ ከወጣ ደስ ይበላችሁ። አቧራ ይዞ ከወጣ ግን ያ አቧራ እዚያ ብቻ አልቀረም፤ ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ፒስተኑንና ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሲፍቅ ከርሟል። ስፖንጁ ራሱም ብዙ ይናገራል። ታጥቦ የፊልትሮ ዘይት የተቀባ ከሆነ ይሄ ሰው ማንም በማያይበት ቦታ ሳይቀር ተጠንቅቋል ማለት ነው። ደርቆ የሚፈረፈር ከሆነ ሌላውንም ነገር ተጠራጠሩ። ሻጩ «ምን ያስከፍታችኋል?» ብሎ ፊቱን ቢያጠቁርም አትፈሩ፣ ገንዘቡ የእናንተ ነው።

የዘይት መለኪያውንም ሳቡት። ዘይቱ ነጣ ብሎ ወተታማ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል፤ ወይ ወንዝ ውስጥ ሰጥሞ ነበር፣ ወይ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ክፍሎች የሚገጥሙበት ማሸጊያ) ተበልቷል። ተዉት። ከዚያ አስነሱት። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እያቃጠለ መሆኑን ይነግራችኋል። ጥቁር ጭስ ነዳጅ በዝቶበት ነው፣ እሱ ብዙ ጊዜ በቀላሉ ይስተካከላል። ነጭ ጭስ በብርድ ጠዋት ትንሽ ታይቶ ቢጠፋ ምንም አይደል፤ ከሞቀ በኋላም ካላቆመ ግን ያሳስባል።

ከሥሩ ተንበርክካችሁ ሻንሲውን (ሁሉን የተሸከመውን የብረት አካል) እዩ። ብየዳው አካባቢ ስንጥቅ ፈልጉ፣ በተለይ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አዲስ ቀለም ካለ ምን ሊሸፍን እንደተቀባ ጠይቁ። የፊቱን ጎማ ከመሬት አንስታችሁ ከላይና ከታች ያዙትና ነቅንቁት፤ ከተወዛወዘ ኩሺኔታው ወይም መገጣጠሚያው አልቋል። የአክሰሉን መገጣጠሚያ የሚሸፍኑት ላስቲኮች ተቀደው እንደሆነም ተመልከቱ።

ስትነዱት መሪውን እስከ ጥግ አዙራችሁ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከአክሰሉ መገጣጠሚያ ነው። አራቱም ጎማ መጎተቱን አፈር ላይ ሞክሩ፣ አስፋልት ላይ አይደለም። ኃይሉን ወደ ጎማ የሚያስተላልፈው በቺንጊያ (በላስቲክ ቀበቶ) ከሆነ ከቆመበት ሲነሳ መንቀጥቀጡንና የተቃጠለ ጎማ ሽታን ልብ በሉ። ኪሎሜትሩ ጥቂት ሆኖ የእግር መርገጫው ከተበላ ኪሎሜትሩን አትመኑት።

ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር ከባለቤትነት ሰነዱ ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። የተፋቀ ከሆነ ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓ ትታችሁ ሂዱ።

ያላችሁን ገንዘብ በሙሉ ለመግዣ አታውሉት። ሄልሜት፣ ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ምናልባትም ባትሪ ወዲያው ያስፈልጋችኋል። አብዛኛው ኳድ የተሠራው ለአንድ ሰው ስለሆነ ከኋላ ሰው አታፈናጥጡ፣ ልጆችንም በአዋቂ ኳድ አታስነዱ። የጎማውን ንፋስ ደግሞ እንደ መኪና አትሙሉት፤ የብዙዎቹ ከ3 እስከ 7 ፒኤስአይ ብቻ ነው፣ ትክክለኛው ልክም ኳዱ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል።