መብራት ሲመጣ ብሌዶቹ ግር ብለው እንዳይነሱ

ጅማ ክረምት ላይ መብራት ሄድ መጣ ማለቱን ታውቁታላችሁ። ለብሌድ ሰርቨር (ብዙ ሆኖ አንድ ሣጥን ውስጥ ለሚሰካ ስስ ሰርቨር) ክፉው ሰዓት ታዲያ ሲጠፋ ሳይሆን ሲመጣ ነው። ኤችፒ ሲ7000 ሣጥን እስከ 16 ብሌድ ይይዛል። ሁሉም አንዴ ሲነሱ ፋኖቹ እንደ አውሮፕላን ይጮኻሉ፣ ዩፒኤሱ (መጠባበቂያ ባትሪው) ጢጥ ጢጥ ይላል፣ ብሬከሩ ቷ! ከዚያ እንደገና ከዜሮ።

መላው ቀላል ነው። ኦንቦርድ አድሚኒስትሬተር (የሣጥኑ መቆጣጠሪያ) ገጽ ላይ ግቡና ለእያንዳንዱ ቤይ (ብሌድ ወይም ስዊች ለሚሰካበት ቦታ) ማዘግየቻ ሰከንድ ስጡ። እኔ የኔትወርክ ስዊቾቹን ያለ ምንም መዘግየት አስነሳለሁ። ዲኤንኤሱን (የሰርቨር ስም ወደ አድራሻ የሚቀይረውን አገልግሎት) የያዘው ብሌድ 60 ሰከንድ፣ ቀጣዩ 120፣ ከዚያ 180 እያለ ይሄዳል። ሰርቨር ገና ሲነሳ ፋኑም ፕሮሰሰሩም ብዙ ኃይል ይስባል፤ ትንሽ ቆይቶ ይረጋጋል። ተራ ስታስይዙት ጭነቱ ይከፋፈላል። ደግሞም ዲኤንኤስ የሚፈልገው ሰርቨር ሲነሳ ዝግጁ ሆኖ ያገኘዋል፤ ለእኔ እንዲያውም ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው።

ዳታው ከሣጥኑ ውጪ ባለ ስቶሬጅ (የዲስክ ማከማቻ) ላይ ከሆነና ስቶሬጁ ለመነሳት የሚዘገይ ከሆነ ግን በሰከንድ አትመኑ። እነዚያን ብሌዶች በራሳቸው እንዳይነሱ አድርጉና ስቶሬጁ ሲረጋጋ በእጃችሁ አስነሷቸው።