ቤተ ሙከራ ውስጥ ጎበዝ፣ አዲስ ሰው ላይ ሰነፍ፦ የአእምሮ ጫና የሚገምት ሞዴል ችግርና መፍትሄ

ይህ የሚክስድ ሪያሊቲ ሄድሴት (ምናባዊ ምስልን ከእውነተኛው አካባቢ ጋር ቀላቅሎ የሚያሳይ ራስ ላይ የሚደረግ መሣሪያ) የዓይን ዳታን ወደ ጽሑፍ ቀይራችሁ፣ የሰውየውን የአእምሮ ጫና እንዲገምት ለቋንቋ ሞዴል ለምትሰጡ ነው። የዓይን ካሊብሬሽን (መሣሪያውን ከሰውየው ዓይን ጋር ማስተካከል) ለእያንዳንዱ ሰው እንደሠራችሁ ቆጥሬ ልጀምር።

ሞዴሉ ለሁሉም ሰው ጫናው «50» ነው ይላል። ማነጻጸሪያ አጥቶ ነው። ሰውየው ዕረፍት ላይ እያለ የተለካውን የዓይን ቁጥር አስቀድሙለት። ቁጥርም አሳጥሩ፤ እንደ 3.4 ከነጥብ በኋላ አንድ አሃዝ ይበቃል።

ቀላል ሥራ ላይ «ጫና በዝቷል» ይላል። ምክንያቱ ብርሃን ነው። የዓይን ብሌን ቦታው ሲጨልም ይሰፋል፤ ሐሳብ ከሚያሰፋው በብዙ ይበልጣል። የክፍሉን መብራት አትቀያይሩ። ሆሎሌንስ 2 (የማይክሮሶፍት ሄድሴት) ላይ ደግሞ የብሌን ስፋት አትፈልጉ፤ ለአፕ የሚሰጠው ዓይን የሚያይበትን አቅጣጫ ነው።

ሙከራ ላይ ሸጋ ውጤት፣ አዲስ ሰው ሲመጣ ድብልቅልቅ። ደጋግሞ እኔ ጋ የሚመጣው ይሄ ነው። መልሱ ወደ ፈተናው ሾልኮ ገብቷል። ዳታው በ10 ሰከንድ ይቆረጣል፤ አዲስ ቁራጭ በየሰከንዱ ይጀምራል። ስለዚህ ተከታታይ ቁራጮች 9 ሰከንድ ይጋራሉ። ከዚያ ሁሉም ተቀላቅሎ ግማሹ ለስልጠና፣ ግማሹ ለፈተና ይሄዳል። ይሄ ፈተና አይደለም፣ ኩረጃ ነው!

አንድ ቡድን የላከልኝን ፕሮምፕት (ለሞዴሉ የሚሰጠውን ጽሑፍ) ስከፍት አናቱ ላይ የፋይሉ ስም ተቀምጧል፤ «ከባድ_02»። ሞዴሉ የሚያነበው ስሙን ነበር። ስሙ ሲወጣ ውጤቱ ዘጭ አለ። ሌላ ቦታ ደግሞ ሥራው ለሁሉም ከቀላል ወደ ከባድ በአንድ ቅደም ተከተል ተሰጥቷል፤ ሰዓቱም ፕሮምፕቱ ውስጥ አለ። ሞዴሉ የተማረው «ከቆየ ከብዶታል» የሚለውን ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሥራ ላይ ያለ ቴክኒሻን ራስ ላይ መጫን ያናድደኛል፤ ሰውየው በሐሰት ማስጠንቀቂያ ይረበሻል።

መፍትሄው ዳታውን በሰው መክፈል ነው። አንዱ ሰው ከስልጠናም ከፕሮምፕት ምሳሌዎችም ጨርሶ ይውጣ፤ በእሱ ፈትኑ። ለሁሉም ተራ በተራ ድገሙት። የፋይል ስም፣ የተሳታፊ ቁጥርና ሰዓት አጥፉ። የሥራውን ቅደም ተከተል ከሰው ሰው ቀያይሩ። በመጨረሻ የከባዱን ሥራ የዓይን ቁጥሮች አውጥታችሁ የቀላሉን ተኩበት። መልሱ ካልተነቃነቀ ሞዴሉ ዓይኑን እያየ አይደለም።

የሞዴሉ ውጤት ሰውየው ራሱ ስለ ጫናው ከሚሞላው መጠይቅ ጋር ይጋጫል። ሃርትና ስቴቭላንድ በ1988 ባወጡት ናሳ ቲኤልኤክስ በተባለው የሥራ ጫና መጠይቅ ላይ ስድስት መለኪያዎች አሉ። «የሥራ ክንውን» የሚለው ቁጥሩ ሲጨምር ውድቀት ማለት ነው፤ ብዙዎች ገልብጠው ያስገቡታል። ጥያቄውንም ሥራው እንዳለቀ ወዲያው አስሞሉ፤ ለማታ አታቆዩት።