የጉልበት ሎሚ ደጋግሞ ሲወልቅ፦ ወደ ኦፕራሲዮን እንዴት ይኬዳል?

ደረጃ ስትወርዱ ወይም ኳስ ስትጫወቱ ድንገት ጉልበታችሁ "ቋ" ይላል። ሎሚው ወደ ውጭ ጎን ሸሽቷል። እግር ሲዘረጋ ብዙ ጊዜ ራሱ ይመለሳል። እብጠቱና ፍርሃቱ ግን አብረውት አይጠፉም።

"ሎሚውን አስተካክሉልኝ" ብሎ ሐኪም ዘንድ የሚሄድ ብዙ ነው። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሎሚው አይደለም። ሎሚው የጭን አጥንት ጫፍ ላይ ባለ ቦይ ውስጥ ነው የሚመላለሰው። ከላይ የጭን ጡንቻ ይጎትተዋል፣ ከታች ቅልጥም ላይ የተተከለ ጅማት ይይዘዋል። ከውስጥ በኩል ደግሞ እንደ ልጓም የሚመልሰው ጅማት አለ። ጉድለቱ ያለው ከነዚህ የትኛው ላይ እንደሆነ ሳይታወቅ ቢላ አይነሳም።

1. ራጅ ተነሡ። ወጌሻ ዘንድ ሄዳችሁ ከመታሸታችሁ በፊት ማለቴ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የወለቀ ሎሚ በአብዛኛው በድጋፍ ማሰሪያና በፊዚዮቴራፒ ይታከማል። ተሰብሮ መገጣጠሚያው ውስጥ የሚንሳፈፍ ቁራጭ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ ኦፕራሲዮኑ አይቆይም።

2. አስለኩ። ደጋግሞ የሚወልቅ ከሆነ ኤምአርአይ የጅማቱን መበጠስና የቦዩን ጥልቀት ያሳያል። ራጁ ደግሞ ሎሚው ከቦታው ከፍ ብሎ ተቀምጦ እንደሆነ ይናገራል። አንድ ቁጥር ግን ጠይቃችሁ ያዙ፦ ከቦዩ መሃል እስከ ቅልጥሙ ጉብታ (የታችኛው ጅማት እስከተተከለበት) ወደ ጎን ያለው ርቀት። በሲቲ ስካን ሲለካ ከ20 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ብዙ ነው ይባላል። ይህን ልኬት ያስለመዱት በፈረንሳይ የሊዮን ከተማ የአጥንት ሐኪሞች፣ እነ አንሪ ዴዡር ናቸው። በኤምአርአይ ሲለካ ቁጥሩ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ሁለቱን አታምታቱ።

3. ኦፕራሲዮኑን ከልኬቱ ጋር አገናኙ። ልጓሙ ብቻ ከተበጠሰ ከራሳችሁ ጭን ቀጭን ጅማት ተወስዶ በአዲስ ይተካል። እዚህ ላይ ሙያው የሚፈተነው ጅማቱ የጭን አጥንት ላይ በሚተከልበት ነጥብ ነው። ጥቂት ሚሊ ሜትር ከሳተ፣ ጉልበት ሲታጠፍ ይወጠራል፤ ሎሚውንም ያሻክረዋል። ለዚህ ነው ብዙ ሐኪሞች እዚያው ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ራጅ እያዩ የሚሠሩት። ከመጠን በላይ ያጠበቀም ሰው ሌላ በሽታ ነው የሚሰጣችሁ።

ርቀቱ ከበዛ ወይም ሎሚው ከፍ ካለ፣ የቅልጥሙ ጉብታ ተቆርጦ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ታች ይዛወርና በብሎን ይታሰራል። እድገቱን ያልጨረሰ ልጅ ላይ ይህ አይደረግም፤ አጥንቱ የሚያድግበት ክፍል ይጎዳል። ቦዩ ጠፍጣፋ ከሆነ የሚያጠልቅ ሥራም አለ፤ ከባድ ስለሆነ ለጥቂቶች ብቻ ነው። ለሚወልቅ ጉልበት "ከውጭ በኩል ሎሚውን የያዘውን ጅማት ቆረጥ አድርገን እንለቀዋለን፣ በቃ" ካሏችሁ ግን ሌላ ሐኪም ጠይቁ። ብቻውን የሚያዋጣ አይደለም።

4. ተዘጋጁ። ሲጋራ አቁሙ፣ አጥንት እንዳይጠግን ያደርጋል። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ተናገሩ፣ በተለይ ደም የሚያቀጥን ከሆነ።

5. ጡንቻውን ቀስቅሱ። ከኦፕራሲዮን በኋላ የጭን ጡንቻ እንቅልፍ ይወስደዋል። ፎጣ ጠቅልላችሁ ከጉልበት ሥር አስገቡ፣ ወደ ታች ተጫኑት፣ 5 ሴኮንድ ያዙ፣ ልቀቁ። አሰልቺ ነው፤ ግን ሥራው ያለው እዚህ ነው። አጥንት ከተቆረጠ 6 ሳምንት ያህል በክራንች ነው። ኳስ ከ6 ወር በፊት አታስቡ። ባታችሁ ካበጠና ካመመ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ቁስሉ ፈሳሽ ካወጣ የዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ።

ስግደት ወይም ሶላት የማይቀርላችሁ ከሆነ ይህን ቀድማችሁ ለሐኪሙ ንገሩት። ብሎኖቹ ከቆዳ ሥር ስለሚቀመጡ ሲንበረከኩ ሊቆረቁሩ ይችላሉ። ካስቸገሩ አጥንቱ ከጠገነ በኋላ ሊወጡ ይችላሉ።