የዳሽቦርድ መብራት በርቶ ሲቀር፣ ብልጭ ሲልና ጨርሶ ሳይበራ ሲቀር፦ የመኪና ደህንነት መሣሪያዎች ችግርና መፍትሄ

ሞተሩን ከማስነሣትዎ በፊት ቁልፉን እስከ «ኦን» አዙረው ዳሽቦርዱን ለአሥር ሰከንድ ያህል ይመልከቱ። የኤርባጉ፣ የኤቢኤሱ (በፍሬን ጊዜ ጎማዎቹ እንዳይቆልፉ የሚያደርገው)፣ የመንሸራተት መከላከያውና የጎማ ነፋስ መብራቶች በአንድ ጊዜ ይበሩና እያንዳንዱ ሥርዓት ራሱን ፈትሾ ሲጨርስ ይጠፋሉ። ከዚህ በታች የተጻፉት ችግሮች ብዙዎቹ የሚታወቁት በእነዚህ አሥር ሰከንዶች ውስጥ ነው። በርቶ የማይጠፋ መብራት አለ፤ ጠፍቶ መንገድ ላይ የሚበራ አለ፤ ከመነሻውም የማይበራ አለ። ባለመኪናው ብዙውን ጊዜ የሚደነግጠው ከመጀመሪያው ነው፤ እኔ ግን የምፈራው የመጨረሻውን ነው።

መሣሪያዎቹንም ሆነ ስለ እነርሱ የሚናገሩትን መብራቶች የሚያስገድደው ሕግ ነው። እዚህ በዋናነት የምጠቅሰው የአሜሪካን የፌዴራል ሞተር ተሽከርካሪ ደህንነት ስታንዳርድ ነው፤ አሜሪካ የሚኖሩ አንባቢዎችን በቀጥታ ይመለከታል፣ ከዚያ ተጭነው ኢትዮጵያ የገቡ ያገለገሉ መኪኖችም የተሠሩት በእርሱ መሠረት ነው። ግዴታው የሚቆጠረው መኪናው ከተሸጠበት ሳይሆን ከተመረተበት ቀን ነው፤ የምርቱ ወርና ዓመት አብዛኛውን ጊዜ በሾፌሩ በር መቃን ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። ቀናቱ፣ ወራቱና ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የኤርባጉ መብራት ከመነሻው አይበራም

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ያገለገለች ትንሽ መኪና ስገዛ ሻጩ «ዳሽቦርዷ ላይ አንድ መብራት አያዩም» ብሎ አረጋግጦልኝ ነበር፤ ቃሉንም አላጠፈም፤ እውነትም አንድም መብራት አልነበረም። ከወራት በኋላ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ለሌላ ጉዳይ የፍጥነት መለኪያውን ፈትቶ ሲያወጣው በኤርባጉ ምልክት ጀርባ ላይ ጥቁር ናስትሮ ተለጥፎ አገኘ። በተሳፋሪው በኩል ያለውን የዳሽቦርድ ክዳን ሲከፍተው ደግሞ ውስጡ ባዶ ሆኖ፣ በቢጫው ሶኬት ጫፍ ላይ ከስንዴ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰት የምትገታ ትንሽ ዕቃ) ተጠምዝዛ ነበር። ሬዚስተሯ መብራቱን ማጥፋት ሲያቅታት ናስትሮው የተጨመረ ይመስላል።

መንስኤው ቀላል ነው። ኤርባግ አንድ ጊዜ ከፈነዳ መተካት አለበት፣ መተኪያውም ውድ ነው። የኤርባጉ ኮምፒውተር ኤርባጉ በቦታው መኖሩን የሚያውቀው ኤርባጉን የሚያፈነዳውን ማቀጣጠያ ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪክን የመግታት መጠን) በመለካት ሲሆን፣ ይህም በተለምዶ 2 ኦም አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ተመሳሳይ ሬዚስተር በቦታው ሲታሰር ኮምፒውተሩ ኤርባግ ያለ ይመስለዋል። በአሜሪካ ስታንዳርድ ቁጥር 208 መሠረት ከመስከረም 1 ቀን 1997 ጀምሮ የተመረቱ የቤት መኪኖች፣ ከዓመት በኋላም ቀላል የጭነት መኪኖች፣ ለሾፌሩና ከጎኑ ለሚቀመጠው ሰው ኤርባግ እንዲኖራቸው ግዴታ ሆኗል፤ ዝግጁ መሆኑን የሚያሳይ መብራትም የዚሁ ግዴታ አካል ነው። በዚያው አገር ሕግ ጋራዥም ሆነ መኪና ሻጭ በስታንዳርዱ መሠረት የተገጠመን የደህንነት መሣሪያ እያወቀ ከሥራ ውጭ ማድረግ የተከለከለ ነው።

መፍትሄው ከመግዛት በፊት ይጀምራል። ቁልፉ ሲዞር መብራቱ ካልበራ ዋጋ መነጋገርዎን ያቁሙና የኤርባጉን ክፍል በሚያነብ መሣሪያ ያስነብቡ፤ ከስልክ ጋር የሚገናኙት ርካሽ ማንበቢያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሞተሩን ኮድ ብቻ ስለሚያሳዩ በእነርሱ አይርኩ። መብራቱ በርቶ ቢጠፋም እንኳ የመሪውን መሐልና የተሳፋሪውን ክዳን በቀን ብርሃን ይመርምሩ። ቀለሙ ከዳሽቦርዱ ጋር የማይመሳሰል፣ ጠርዙ የተጣበቀ ወይም አርማው ዘመም ያለ ክዳን ካዩ፣ ወይም የፊት ቀበቶው ሲሳብ ደርቆ አልለቅ ካለ፣ መኪናዋ ግጭት አይታለች ብሎ መገመት ይቻላል፤ በግጭት ጊዜ ከኤርባጉ ጋር ቀበቶውን የሚያጠብቀው ማቀጣጠያም አብሮ ስለሚፈነዳ ቀበቶው ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አይሆንም።

የኤርባጉ መብራት በርቶ አይጠፋም

አስቀድመው ከፊት ወንበሮች ሥር ያሉትን ቢጫ ሶኬቶች ይመልከቱ። ወንበሩ ወደፊትና ወደኋላ ሲንሸራተት ሽቦው ይሳባል፤ መኪና ሲታጠብ ውኃ ይገባበታል፤ ከወንበሩ ሥር የተወተፈ የውኃ ጠርሙስም ይገፋዋል። መብራቱ የበራው ወንበር ከተንቀሳቀሰ ወይም ምንጣፍ ከታጠበ በኋላ ከሆነ መንስኤው እዚያው የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ከኤርባጉ መብራት ጋር ጥሩንባው ከጠፋ ወይም መሪው ላይ ያሉት የሬዲዮ ቁልፎች መሥራት ካቆሙ ግን ጥፋቱ ከመሪው ሥር እንደ ሰዓት ሞላ ከተጠቀለለው ስስ የሽቦ ጥብጣብ ነው፤ ሦስቱም የሚያልፉት በዚያ ውስጥ ነው። ይህ ክፍል አይጠገንም፤ ይቀየራል፤ ሲገጠምም መሐሉን ሳይስት መግባት አለበት፤ አለበለዚያ መሪው በመጀመሪያው ሙሉ ዙር ላይ ይበጥሰዋል። ደካማ ባትሪም መብራቱን ሊያበራ ስለሚችል ዕቃ ከመግዛት በፊት ባትሪውን ማስለካት ወጪ ያድናል።

ማንም ሰው ቢጫ ሶኬት ከመንካቱ በፊት ቁልፉ መጥፋት፣ የባትሪው ኔጌቲቭ መፈታትና ቢያንስ ሦስት ደቂቃ መታለፍ አለበት፤ ኮምፒውተሩ በግጭት ጊዜ ባትሪው ቢቋረጥ እንኳ ኤርባጉን ለመተኮስ የሚያስችል ኃይል በውስጡ ስለሚያከማች ነው። ኤርባጉንም በተራ ቴስተር አይለኩ፤ ከቴስተሩ የሚወጣው ትንሽ ኤሌክትሪክ ሊያፈነዳው ይችላል።

ምንም መብራት የማያበራ የኤርባግ ችግርም አለ። የታካታ ኩባንያ የሠራቸው ብዙ ኤርባጎች የሚነፉት በአሞኒየም ናይትሬት ሲሆን፣ ይህ ኬሚካል ለዓመታት ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅበት ይለወጥና በግጭት ጊዜ ከመጠን በላይ በኃይል ፈንድቶ የብረቱን ቅርፊት ወደ ተሳፋሪው ይበትነዋል። በአሜሪካ ብቻ ወደ 67 ሚሊዮን የሚጠጉ እንዲመለሱ ተደርጓል። ኮምፒውተሩ የሚለካው ሽቦውን እንጂ ኬሚካሉን ስላልሆነ ዳሽቦርዱ ምንም አይነግርዎትም። መፍትሄው 17 ፊደልና ቁጥር ያለውን የሻንሲ ቁጥር በአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ወይም በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ ማጣራት ነው። በቀጥታ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ መኪኖች የሻንሲ ቁጥራቸው አጭር ስለሆነ በአሜሪካው መዝገብ አይገኙም፤ ለእነርሱ የአምራቹ የጃፓን ድረ ገጽ ይሻላል።

በዚህ አጋጣሚ፣ ብዙ መኪኖቻችን ላይ የተሳፋሪው ኤርባግ የሚወጣበት ክዳን በፀጉራም ምንጣፍ ተሸፍኖ፣ በላዩ ላይ የሽቶ ጠርሙስና ትንሽ ሰዓት ተጣብቆበት ይታያል። ኤርባጉ ሲፈነዳ በሰው ፊት ላይ የሚወረወሩት እነዚህ ናቸው። በወንበሩ ጎን ኤርባግ የሚል ጽሑፍ ካለም ዙሪያውን የተሰፋ የቆዳ ወይም የፕላስቲክ ሽፋን መንገዱን ይዘጋዋል፤ ሽፋን የግድ ከሆነ ጎኑ ክፍት የሆነውን ይምረጡ።

ቀበቶው አይመለስም፣ ወይም ሳይታሰር አይጮህም

ቀበቶ በአሜሪካ የቤት መኪኖች ላይ ግዴታ የሆነው ከ1968 መጀመሪያ አንሥቶ ነው። ቀስ እያለ የሚመለስ ወይም መንገድ ላይ ላልቶ የሚቀር ቀበቶ አብዛኛውን ጊዜ የላብና የአቧራ ቅባት የያዘ ነው። እስከ መጨረሻው ስበው ይያዙት፣ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ያጥቡት፣ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅም እንዳይመለስ ያድርጉት፤ ጥቅልሉ ውስጥ ዘይት መጨመር አቧራ ከመሰብሰብ በቀር የሚረባ ነገር የለውም። ጠርዙ የተተለተለን ቀበቶ ግን ማጠብ አያድነውም። ማስጠንቀቂያው የማይጮህ ከሆነ መክተቻውን ይዩ፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በገበያ የሚሸጠው ባዶ የብረት ምላስ ነው። ትራፊክ ፖሊስ ሲታይ ቀበቶውን ደረት ላይ ጣል የሚያደርግ ሾፌር ይህን ምላስ አይወቅሰውም፤ መኪናዋ ግን ሾፌሩ የታሰረ መስሏት ትሄዳለች።

የኤቢኤስ መብራት በርቷል

ቢጫው የኤቢኤስ መብራት ብቻውን ከበራ ተራው ፍሬን ይሠራል፤ የጠፋው ጎማዎቹ እንዳይቆልፉ የሚያደርገው ክፍል ብቻ ነው። ቀዩ የፍሬን መብራት አብሮ ከበራ ግን በመጀመሪያ የእጅ ፍሬኑ መለቀቁን፣ ቀጥሎም የፍሬን ዘይቱን መጠን ይመልከቱ፤ ዘይቱ ከጎደለ መኪናዋ ከቆመችበት አትነሣ።

በእያንዳንዱ ጎማ አጠገብ የጎማውን ዙር የሚቆጥር ሴንሰር አለ፤ ለብቻው የሚበራው መብራት መንስኤ በአብዛኛው ይኸው ሴንሰር ወይም ሽቦው ነው። በድንጋያማ መንገድ ሽቦው ይቆረጣል፣ ጭቃና የብረት ፍቅፋቂም ይሸፍነዋል። መብራቱ የበራው ኩሽኔታ በተቀየረ ማግስት ከሆነ ደግሞ ሴንሰር አይግዙ። በብዙ አዳዲስ መኪኖች ሴንሰሩ የሚያነበው ማግኔት በኩሽኔታው አንድ ፊት ላይ እንደ ተራ ጥቁር ጎማ ተለብጦ ይመጣል፤ ገጣሚው ገልብጦ ካስገባው ጎማው እንደ ልቡ ይሽከረከራል፣ ሴንሰሩ ግን ምንም አያይም። ለመለየት ከመገጠሙ በፊት የወረቀት ማያያዣ ሽቦ ወደ ሁለቱም ፊት ማስጠጋት በቂ ነው፤ ሽቦውን ሳብ የሚያደርገው ፊት ወደ ሴንሰሩ ይዞራል።

ከኤቢኤሱ ጋር የምትንሸራተት መኪና ምስል ያለበት መብራትም የሚበራው የመንሸራተት መከላከያው በእነዚሁ ሴንሰሮች ስለሚሠራ ነው። በስታንዳርድ 126 መሠረት ይህ መከላከያ ከመስከረም 1 ቀን 2011 ጀምሮ በአሜሪካ ለተመረቱ ቀላል መኪኖች በሙሉ ግዴታ ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ አዳዲስ መኪኖችን በሙሉ ያጠቃለለው በኅዳር 2014 ነው። ይህ መብራት የበራው ባትሪ ከተፈታ ወይም የጎማ አላይመንት ካሠሩ በኋላ ከሆነ የመሪውን አቅጣጫ የሚለካው ሴንሰር ዜሮው ጠፍቶበት ሊሆን ስለሚችል እንደገና ማስተካከል ያሻዋል። አራቱ ጎማዎች በመጠን ከተለያዩም ሥርዓቱ ግራ ይጋባል።

የጎማ ነፋስ መብራት

ይህ መብራት ሁለት ቋንቋ አለው፤ ልዩነቱን ማወቅ ጎሚስታ ጋ ከመመላለስ ያድናል። ዝም ብሎ ከበራ ነፋስ ጎድሏል ማለት ነው። ሞተሩ ሲነሣ ለአንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ብሎ በርቶ ከቀረ ግን ነፋሱ ሳይሆን ሥርዓቱ ራሱ ተበላሽቷል። በአሜሪካ ስታንዳርድ 138 ከመስከረም 1 ቀን 2007 ጀምሮ የተመረቱ ቀላል መኪኖች፣ ነፋሱ ከታዘዘው መጠን በ25 በመቶ ሲጎድል ማስጠንቀቅ አለባቸው። የታዘዘው 32 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ከሆነ መብራቱ እንዲበራ የሚገደደው 24 ላይ ነው፤ ስለዚህ አለመብራቱ ጎማው ሙሉ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። የታዘዘውን መጠን የሚያገኙት በሾፌሩ በር መቃን ላይ እንጂ በጎማው ጎን ላይ አይደለም፤ በጎማው ላይ የተጻፈው ጎማው ሊሸከም የሚችለው የመጨረሻው መጠን ነው።

ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ የሚነዱ ወገኖቻችን ይህን መብራት በመጸው የመጀመሪያው ብርዳም ጠዋት ያዩታል፤ ሙቀቱ በ5 ወይም በ6 ዲግሪ ሴልሺየስ በወረደ ቁጥር ነፋሱ 1 ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳልና። እኛ ጋ ከብርዱ ይልቅ ከፍታው ይጫወታል። አዲስ አበባ ላይ የተሞላ ጎማ ወደ ጅቡቲ ጠረፍ ሲወርድ፣ የቆላው ሙቀት ባያካክሰው ኖሮ፣ በመለኪያ ሲታይ ከ3 ፒኤስአይ በላይ ይጎድል ነበር፤ ሲመለስ ደግሞ በተቃራኒው ይጨምራል። ስለዚህ ረጅም መንገድ ወርደው ካደሩ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ማስለካት ተገቢ ነው።

መብራቱ ብልጭ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ቸርኬው ውስጥ ያለው ሴንሰር ባትሪ ስላለቀ ነው፤ ባትሪው የታሸገ በመሆኑ ከ5 እስከ 10 ዓመት ካገለገለ በኋላ የሚቀየረው ሴንሰሩ በሙሉ ነው። የአሜሪካ መኪኖች በብዛት በ315፣ የአውሮፓዎቹ በ433 ሜጋኸርዝ ስለሚሠሩ ከሌላ አገር መኪና የተፈታ ሴንሰር ገጥሞ መብራቱ ያልጠፋበት ሰው ጎሚስታውን ከመውቀሱ በፊት ቁጥሩን ያመሳክር። ጎማ ሲፈታም ከንፋስ መሙያው ጀርባ ሴንሰር እንዳለ ለጎሚስታው አስቀድመው ይንገሩት፤ ጎማ መፈልቀቂያው ብረት በቀላሉ ይሰብረዋል።

የኋላ ካሜራና የመስታወቱ ካሜራ

ከግንቦት 1 ቀን 2018 ጀምሮ የተመረቱ የአሜሪካ ቀላል መኪኖች ወደኋላ ሲሄዱ ከበስተኋላቸው 3 ሜትር ስፋትና 6 ሜትር ርዝመት ያለውን ቦታ በካሜራ ማሳየት አለባቸው፤ ምስሉም የኋላ ማርሽ በገባ በ2 ሰከንድ ውስጥ መምጣት አለበት። ምስሉ ከደበዘዘ ሌንሱን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ። የኋላ ክዳኑ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚቆራረጥ ከሆነ ሽቦው በኋላ ክዳኑ ማጠፊያ ላይ ተቆርጧል። ስክሪኑ የጃፓንኛ ሆኖ በሌላ ከተቀየረ በኋላ የጠፋ ከሆነም የኋላ ማርሹ ሽቦ ከአዲሱ ስክሪን ጋር አልተገናኘም፤ ለአንድ ኤሌክትሪሺያን የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ከመስታወቱ ጀርባ ያለው የፊት ካሜራ ግን እንዲህ አይቀልም። ከፊት ያለን ነገር አይቶ ፍሬን የሚይዘው ሥርዓት በአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ለአዳዲስ መኪኖች ሁሉ ግዴታ ሆኗል፤ በአሜሪካም ከመስከረም 2029 እንዲጀምር ተወስኗል። የፊት መስታወት ከተቀየረ በኋላ መኪናዋ ያለ ምክንያት ፍሬን ከያዘች ወይም ሥርዓቱ መዘጋቱን ከጻፈች፣ ካሜራው ሲመለስ የተወሰነ ዲግሪ ዘምሟል ማለት ነው። የሚስተካከለው ጠፍጣፋ ወለል ላይ፣ በአምራቹ በተለካ ርቀት ከመኪናዋ ፊት በሚቆም የምልክት ሰሌዳና በማንበቢያ መሣሪያ ነው፤ መስታወት ቀያሪው ይህ ከሌለው መስታወቱ ከመፈታቱ በፊት ሰሌዳውና መሣሪያው ያለበትን ጋራዥ ይፈልጉ።